የኤሜሊን ፔጆ መክተት

ራውኒ ላውካነንና ወንድሟ ኦይቫ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚገናኙት፤ በግንቦት አባታቸው የተወላቸውን ፔጆ ከጋጣ ሲያወጡ፣ በጥቅምት ደግሞ በረዶው ሳይደርስ መልሰው ሲከትቱ። በሁለቱም ጊዜ ይጣላሉ። የኔ ቤት ከራውኒ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ጠባቸውን ለመስማት መስኮት መክፈት እንኳ አያስፈልገኝም። ጓሮዬ ድንች ስቆፍር "አንተ አህያ!" የሚል ድምፅ ከወዲያ ከመጣ፣ አሃ፣ በረዶው ቀርቧል ማለት ነው እላለሁ።

ፔጆው 404 ነው፤ ግራጫ። አባታቸው ኤሜሊ የኮርፒያርቪ ብቸኛ ታክሲ ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በመንደሩ ውስጥ በዚያ መኪና ያልተሳፈረ ሽማግሌ የለም። ሲሞቱ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠርተው፣ "የሁለታችሁም ነው። አትሸጡት፣ አትካፈሉት" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ከዚች ቃል የመጣ ነው። ጋጣው የራውኒ ነው፤ ድሮ ላሞች ይታሰሩበት ነበር። የመኪናው ወረቀት በኦይቫ እጅ ነው። ሰኔን እሷ ትነዳዋለች፣ ሐምሌን እሱ። አንዱ መልሶ ሲሄድ ሌላው መብራት ይዞ ጭረት ይፈልጋል።

ራውኒ አጭር፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት። ከአባቷ በኋላ ሰላሳ አራት ዓመት ታክሲ ነድታለች። ሽማግሌዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ ትወስድና ደረጃው ላይ በጀርባዋ አዝላ ታወጣቸዋለች፤ እየወጣች ግን "ምነው ትንሽ ብትጾም ኖሮ" ማለቷ አይቀርም። አንድ ሰካራም ቤቱ በር ላይ ደርሶ "አልወርድም፣ መንገድ አስረዝመሻል" ቢላት፣ አንዲት ቃል ሳትመልስ መኪናውን አዙራ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ወስዳ ካሳፈረችበት ቦታ አወረደችው። "ከዚህ ነው ያነሳሁህ። አሁን አጭሩን መንገድ ራስህ ፈልግ" አለችው። በእግሩ ገባ። በማግስቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት ይባላል፤ እሷ ግን ስልኩን ዘጋሁበት ነው የምትለው።

ኦይቫ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ወጣት ሳለ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ባሕሩን ተሻግሮ ስዊድን ገባና መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፦ ረጅም የቆዳ ካፖርትና "እኛ ፋብሪካ ውስጥ" የምትል ቃል። ካፖርቱ አርጅቶ ተጣለ። ቃሏ ግን እስከ ዛሬ አዲስ ናት።

በመካከላቸው ያለው ቁርሾ ግን የመኪና ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ራውኒ ሃያ ስድስት ዓመቷ ሳለ የኤሜሊ ዓይን ይደክም ጀመር። ምሽት ላይ ደንበኛ ሲመጣ እሳቸው ከጎን ተቀምጠው መሪውን የምትይዘው እሷ ነበረች። እናም የታክሲ ፈቃዱ ወደ ስሟ እንዲዞር አመለከተች። ተከለከለች። ሁለት ዓመት ወተት ማኅበሩ ውስጥ የወተት ጣሳ አጠበች፤ እጇ በሶዳው ተላጠ። አባቷ ግማሽ ዕውር ሆነው ሲነዱ ቆይተው አንድ ቀን ከነተሳፋሪው ሐይቁ ዳር ካለው ቦይ ገቡ፤ ደግነቱ ማንም አልሞተም። ፈቃዱ የተሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈቃድ በሚሰጠው ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት አዝናላት ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አውጥታ አሳየቻት። ከስዊድን የተላከ ነው። "መንገዱ የጨለማ መንገድ ነው፣ ሰካራም ይሳፈራል፤ ይህ ለሴት የሚሆን ሥራ አይደለም። ቤተሰቡም አይስማማም" ይላል። ከሥሩ የኦይቫ ፊርማ አለ።

ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለእሱም ቢሆን። አርባ ዓመት ከጥርሷ ጀርባ ይዛው ኖረች።

እንግዲህ ስድሳ ስምንት ዓመት በሞላት ጥቅምት፣ ውርጭ ሣሩን ባነጣበት ቀን፣ ኦይቫ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ መጣ። ራውኒ ከጧት ጀምራ ስትሠራ ነበር። የመኪናውን ሆድ በውሃ አጥባ ጭቃውን አስለቅቃለች፤ ሞተሩን አሙቃ አሮጌውን ዘይት አፍስሳ አዲስ ሞልታለች፤ የራዲያተሩ ውሃ እንዳይቀዘቅዝ መድኃኒቱን ለክታ ጨምራለች።

"ዘገየህ" አለችው።

"ሰዓት አለኝ።"

"ሰዓትማ አለህ፤ ማየት ነው ያቃተህ።"

ኦይቫ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። "ሞላሽው እንዴ?"

"እስከ አፉ።"

"ግማሽ ይበቃው ነበር። እኛ ፋብሪካ ውስጥ…"

"ፋብሪካ ውስጥ በር ነበር የምትገጥመው! በቀን አራት መቶ የግራ በር። ስለ ቤንዚን ማን ጠየቀህ? ጎዶሎ ታንክ ውስጡ ያልበዋል፣ ይዝጋል። ይኼን የወተት ጣሳ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል።"

"የቀኝ በር" አለ ኦይቫ።

"ምን?"

"የምገጥመው የቀኝ በር ነበር።"

ቀጥሎ ወደ አይጡ ተሻገሩ። ባለፈው ዓመት አይጥ የኋላውን ወንበር በልታ ጎጆ ሠርታበት ነበር፤ ኦይቫ ያንን ከግንቦት ጀምሮ በሆዱ ይዞታል።

"ዘንድሮስ አይጦችሽ እንዴት ናቸው? ደኅና ቀልበሻቸዋል?"

"አይጥ ካንተ ይሻላል። ሲበላ አያወራም።"

"ጋጣሽ ቀዳዳ ነው!"

"እንግዲያው ወደ ቤትህ ውሰደው። እዚያማ አይጥም አይገባ፤ የሚበላ የለ!"

እኔ ከመንገዱ ማዶ እንጨት እየፈለጥኩ ይኼን ሁሉ እሰማለሁ። ስቄያለሁም። እንደ ሌላው ዓመት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት የማንሳቱ ሥራ መጣ። መኪና ሰባት ወር ሙሉ በአንድ ቦታ ከቆመ ጎማው ስለሚጣመም፣ በክሪክ አንስተው ካቫሌቶ በሚባለው የብረት ማቆሚያ ላይ ያሳርፉታል። የጋጣው ወለል ደግሞ የላሞቹ ሽንት እንዲወርድ ተብሎ ወደ ቦዩ አዘንብሎ የተሠራ ነው። ራውኒ ባትሪውን ፈትታ አወጣች፤ ባትሪ ውጭ ካደረ ስለሚሞት የሚከርመው እሷ ቤት ውስጥ ነው። ከደጃፉ ላይ ዞር ብላ፣

"ከፊት ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ አድርግ" አለች።

"የእጅ ፍሬኑን ይዤዋለሁ።"

"የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነው። የኋላውን ካነሳኸው ምኑን ሊይዝልህ ነው? ታኮ አድርግ።"

"ስንት ሺህ መኪና በእጄ እንዳለፈ ታውቂያለሽ?"

"በሩ ነው ያለፈው" ብላ ባትሪውን ታቅፋ ሄደች።

ባትሪውን ወጥ ቤቱ ጥግ ሳንቃ ላይ አስቀምጣ ቀና ስትል ከጋጣው ጓ የሚል ድምፅ ሰማች። ጩኸት አልነበረም። እኔም ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ግን የወደቀ በር ነው ብዬ መጥረቢያዬን ቀጠልኩ። ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ራውኒ ስትደርስ ፔጆው አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተንሸራቷል፤ ክሪኩ በጎኑ ወድቋል፤ ከመኪናው ሥር ሁለት ቦት ጫማና አንድ እጅ ይታያሉ። ኦይቫ ካቫሌቶውን ሳያስገባ፣ ፍሬኑ አካባቢ ግራሶ ሊቀባ ብሎ ገብቶ ነበር። ጎማዎቹ ተፈትተው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ያልቅለት ነበር። ጎማዎቹ ስላሉ መኪናው ያረፈው በራሱ እግር ላይ ነው፤ በመሬቱና በብረቱ መካከል የቀረችው ቦታ ግን ለአንድ ሰው ደረት አትበቃም።

"ኦይቫ" አለች።

ሳለ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ "ታውኖን ጥሪ" አለ። ታውኖ እኔ ነኝ። "ወንድ ጥሪ። ይህ ለሴት የሚሆን ሥራ አይደለም።"

ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ኦይቫም በኋላ አልካደም።

"ቆምኩ" አለችኝ። "ልቤ ደነገጠ ብዬ አልዋሽህም። ልቤ ደስ አለው። አሁን ያዝኩት፣ ያቺን ቃል በራሱ አፍ አመጣልኝ አልኩ።"

ጎንበስ አለች፤ ፊቱን እንድታይ ጉንጯን መሬቱ ላይ አደረገች።

"ደብዳቤው ላይም እንዲሁ ነበር የጻፍከው" አለችው። "ቃል በቃል።"

"የቱ… ደብዳቤ?"

"ተው። ትንፋሽህ አጭር ነው፤ በውሸት አትጨርሰው።"

ሲተነፍስ ከደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲፋጭ ይሰማታል።

"አባባ ነው" አለ።

"ምን አባባ?"

"ጻፍ ያለኝ አባባ ነው። ፋብሪካው ድረስ ስልክ ደወለ። እኔ እምቢ ብል ከልጅነት ይፍቀኛል። ሴት ልጁ ተካችው ከሚሉኝ ገደል ብገባ ይሻለኛል አለ። 'እኔ አባቷ ነኝ፣ ልከለክላት አልችልም፤ አንተ ወንድሟ ነህ፣ ሩቅ ነህ፣ ብትጠላህም አትጎዳም' አለኝ።"

"ትዋሻለህ!"

"ከመኪና ሥር ሆኜ?"

ራውኒ ተነሳች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እሷም አታውቀውም። እኔ ደፍሬ "እዚያው ልትተዪው አስበሽ ነበር?" ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ "ጥያቄህ የማይረባ ነው" ብላ መልሳልኛለች። የሆነው ይህ ነው፦ ታኮዎቹን ከግድግዳው ሥር አመጣች፤ በሁለቱም የፊት ጎማዎች ሥር አድርጋ በመዶሻ መታቻቸው። በእያንዳንዱ ምት ኦይቫ ያቃስት ነበር። ከዚያ ሳንቃ አንጥፋ ክሪኩን አስተካክላ ማንሳት ጀመረች፤ ሳትቸኩል፣ እየተመለከተች፣ ትንሽ ሲነሳ ካቫሌቶውን አስገብታ፣ እንደገና ትንሽ። ሲበቃ የጃኬቱን አንገት ይዛ ጎተተችው።

"በቀስታ!" ብሎ ጮኸ። "አጥንቴ!"

"ዝም በል። ለመጮህ ትንፋሽ ካለህ አልሞትክም።"

አምቡላንስ ከከተማ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በትንሿ መኪናዋ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣው ነዳች። እኔ በደጄ ሲያልፉ አየሁ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየችም። ኦይቫ ከዚያ ሁኔታው ጋር ሆኖ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ "ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ እንጂ" አላት አሉ። "ካልተመቸህ ውረድ" አለችው። እስከ ሆስፒታሉ በር ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ምን እንደደረሰበት ጠየቀችው።

"ከመሰላል ወደቅሁ" አለ ኦይቫ።

"መሰላል የሚባል የለም" አለች ራውኒ ከጀርባው። "መኪና ነው የወደቀበት። ያለ ታኮ፣ ያለ ካቫሌቶ ሥሩ ገባ። እንዲሁ አድርገሽ ጻፊው።"

የትከሻው አጥንትና ሦስት የጎን አጥንቶች ተሰብረዋል። አስተኙት። ራውኒ ጃኬቱን ወንበር ላይ ወርውራለት ተመለሰች።

ያንኑ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሬን አንኳኳች። "ታውኖ፣ ና መብራት ያዝልኝ። ሥራዬ አላለቀም።" ታሪኩን ሁሉ የነገረችኝ ያኔ ነው፤ እየሠራች፣ ፊቷን ሳታዞር። የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትታ በየጉድጓዱ ጥቂት ዘይት አንጠበጠበች። አይጥ እንዳይገባ በጭስ መውጫው፣ በማርሚታው አፍ የድስት መፋቂያ ሽቦ ጠቀጠቀች። የመስኮቱን ላስቲክ ቀባች። ሁሉንም እንደ ወትሮዋ በጥንቃቄ ነበር የምትሠራው። መሪውን በጨርቅ ስትወለውል ቆይታ በድንገት ጨርቁን ወረወረችው።

"አርባ ዓመት" አለች። "አርባ ዓመት አባባ በያዘበት በኩል ያዝኩት። መሪው ላይ የእጁ ቦታ ተበልቶ ነበር፤ እጄን እዚያ ላይ ሳደርግ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ኦይቫ ዋሽቶ ቢሆንስ?" አልኳት።

"ኦይቫ ውሸት አያውቅበትም። የመሰላሉን ነገር ነገርኩህ አይደል?"

ፔጆውን በሸራ ሸፈንነው። መዝጊያውን ስትቆልፍ ጋጣውን በእግሯ ረገጠችው።

ኦይቫ ለምስጋና አልመጣም፤ እሷም አልጠየቀችውም። የተገናኙት በገና ዋዜማ ነው። በዚያ ቀን መንደሩ ሁሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መቃብር ቦታ ይሄዳል፤ በረዶውን ጭሮ ሻማ ይተክላል። እኔም ከባለቤቴ መቃብር አጠገብ ቆሜ ነበር። ራውኒ መጣች፤ በወላጆቿ የጋራ መቃብር ድንጋይ ሥር፣ ከእናቷ ስም ፊት ጉድጓድ አበጅታ ሻማ ለኮሰች። ከአባቷ ስም ፊት በረዶው እንዳለ ነው፤ አልነካችውም። ኦይቫ አንድ እጁ ታስሮ በወዲያኛው በኩል ቆሞ ያያል።

"ለአባባስ?" አላት።

"አንተ ለኩስለት። ደብዳቤ ያጻፈው አንተን ነው።"

"ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል ከሞተ።"

"እኔ የሰማሁት በጥቅምት ነው።"

ኦይቫ ክብሪቱን በአንድ እጁ ለመጫር ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ጠፋበት። ራውኒ አየችው። አላገዘችውም። በመጨረሻ እኔ ሄጄ ለኮስኩለት፤ እሱም "ማን ጠራህ?" አለኝ።

ግንቦት ገባ። ኦይቫ ትከሻውን እያሻሸ መጣ፤ መኪናውን አወረዱ፣ ባትሪውን መለሱ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ራውኒ ቁልፉን ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ውሰደው። ወደ ጋጣዬ እንዳትመልሰው።"

"ምን ማለትሽ ነው? ተራው ያንቺ ነው።"

"አልፈልገውም።"

"እኔስ ማን እፈልገዋለሁ አለሽ?" ኦይቫ ቁልፉን መልሶ ወረወረላት። "እኔ ይኼን መኪና ከልጅነቴ ጀምሬ እጠላዋለሁ! ስታመም አባባ የሚጎበኘው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር። የያዝኩት አንቺ ብቻሽን እንዳትይዥው ነው!"

"ሃያ አምስት ዓመት ለዚህ ብለህ?"

"አንቺስ ለምን ብለሽ?"

ከዚያ በፊት ማን ይንዳው ብለው እንደሚጣሉት ያህል፣ አሁን ደግሞ ማን ይውሰደው ብለው ተጣሉ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ፣ የእኔ ውሻ እስኪጮህ ድረስ። ኦይቫ በብስክሌቱ እየተሳደበ ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፔጆው ከጋጣው ሲወጣ ሰማሁ። ራውኒ ቀስ ብላ ነዳችው፤ በመንደሩ መካከል አለፈች፤ ሰዎች እጃቸውን ቢያወዛውዙላትም አልመለሰችም። ኦይቫ ግቢ ደረሰችና መኪናውን በሩ ላይ አጋድማ አቆመችው፤ ሰውም ብስክሌትም እንዳይወጣ አድርጋ። ቁልፉን እዚያው ተወችው።

እኔ ከሱቅ ስመለስ በመንገዱ ዳር በእግሯ ስትመጣ አገኘኋት። አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ በረዶው ገና ስለቀለጠ መንገዱ ጭቃ ነው። አቁሜ በሩን ከፈትኩላት።

"ግቢ፣ ላድርስሽ።"

"ሰላሳ አራት ዓመት ሰው ሳደርስ ኖርኩ" አለች። "ሂድ በቃ፤ ጭሱን ፊቴ ላይ አታጭስብኝ።"

በመስታወቱ አየኋት። ያቆረውን ውሃ እየዘለለች በመሀል መንገዱ ትሄዳለች። ከኋላዋ የመጣ እንጨት የጫነ መኪና ክላክስ ሲያደርግባት ዞር እንኳ አላለችም፤ በዝግታ እንዲከተላት ተወችው።